ዱቄት የነካው የልጣጭ ክምር

ሰኞ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1979 ዓ.ም.

የጎረቤቴ የኤዶ ሐሊሞ ፍየል ዛሬ ጠዋት አልተነሳችም።

ወደ ቢሮ ልወጣ ስል በፈረሰው አጥር በኩል አየኋት። ግራ ጎኗ ተነፍቷል። አንገቷን ዘርግታ ጭቃው ላይ ተኝታለች። በሶማልኛ ኤዶ፣ አክስቴ፣ የምላት ሐሊሞ ቀንዷን ይዛ ልታስነሳት ትታገላለች።

"አባዮ፣ እህቴ፣ ሐብሐብሽ ፍየሌን አሰከራት!" አለችኝ እየሳቀች።

እኔም ሳቅኩ።

ነገሩን በቅደም ተከተል ልጻፈው። ስፈራ የቱ ከየቱ እንደቀደመ ይጠፋብኛል።

በዚህ ሰፈር የፍራፍሬ ልጣጭ አይጣልም። ማታ ደጅ ይቀመጣል፤ የሐሊሞ ፍየሎች ሲገቡ ይለቅሙታል። ጠዋት ከእሷ ቤት አንድ ኩባያ ወተት ይመጣልኛል። ማንም ከማንም ጋር አልተዋዋለም፤ ስመጣም እንዲሁ ነበር። ሰኔ ላይ ለጓሮዬ ቆስጣ ብስባሽ መሥራት ስጀምር ልጣጩን ለራሴ አደረግኩት። ወተቱ ግን አልቀረም። አፍሬያለሁ፣ ግን ልጣጩን አልመለስኩም።

ከአረፋ በዓል ማግስት የሐረር መኪና መናኸሪያ አጠገብ ያለው ፍራፍሬ ሻጭ የተበላሸውን ሁሉ ሰጠኝ። ሐብሐብ፣ ማንጎ፣ የጠቆረ ሙዝ፣ በጆንያ። ደስ ብሎኝ ከመርኩት። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ፍራፍሬ ራሱ ውኃ ነው፤ ሰማይ ሌላ ውኃ ጨመረበት። ገለባ አልነበረኝም፣ የምከድንበት ሸራም አልነበረኝም። ክምሩ መብሰሉን ትቶ መቦካት ጀመረ። ሽታው ጎረቤት ገባ። ዝንቡ ግድግዳዬን አጠቆረው።

ዓርብ የቀበሌው ጽዳት ተቆጣጣሪ በደጅ አለፈ። "በዚህ የተቅማጥ ወቅት ዝንብ ታረቢያለሽ? በሚቀጥለው ሳምንት እመለሳለሁ" ብሎኝ ሄደ።

ቅዳሜ ታናሽ ወንድሜ ታደሰ በወተት ቆርቆሮ ዲዲቲ የሚባለውን የትንኝ መግደያ ዱቄት አመጣልኝ። ወባ መከላከያ ውስጥ ቤት ለቤት መድኃኒት ይረጫል። ከሥራ የተረፈ ነው አለኝ። የመንግሥት ንብረት መሆኑን እሱም እኔም እናውቃለን። ክምሩ ላይ እንደ ዱቄት በእጄ በተንኩት። ዝንቡ ወዲያው ረገፈ። በጣም ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ማታ ዝናብ የእሾህ አጥሩን ጣለው። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ፍየሏ ክምሩ ላይ ቆማ ስትበላ አገኘኋት። አባረርኳት። ምንም አልተናገርኩም።

ይኸው ነው። አሁን የምፈራቸው፦ ፍየሏ እንዳትሞት። ሆዳን ወተቱን እንዳትጠጣ። ታደሰ እንዳይታሰር።

ሆዳን የሐሊሞ የልጅ ልጅ ናት፤ ሁለት ዓመቷ ነው። እናቷ ደገሀቡር ትነግዳለች። ልጅቷ የምታድገው በዚያች ፍየል ወተት ነው።

ለታደሰ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። "እታለም፣ አፍሽን ያዢ። ፍየል በሐብሐብ ይነፋል፣ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ሁለት ቀን ጠብቂ" አለኝ። ሁለት ቀን ልጠብቅ? አላውቅም።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 5

ዝናቡ ጠዋት የጀመረውን አላቋረጠም። ፍየሏ በሰው ድጋፍ ቆመች፣ ግን የኋላ እግሯ ይንቀጠቀጣል። ሐሊሞ ጆንያ አልብሳታለች። "ብርድ ነው" ትላለች። ብርድ ሊሆን ይችላል። እኔም ብርድ ነው ብዬ ለማመን ሞከርኩ፤ ቢሮ እስክደርስ አመንኩ፣ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ለቀቀኝ።

ሆዳንን ተቅማጥ ይዟታል።

ይህን የሰማሁት በምሳ ሰዓት ነው። ቤቴ የነበረውን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዤ ሄድኩ። ሐሊሞ አየችውና ከት ብላ ሳቀች።

"የሚታለብ ጡት እያለ የቆርቆሮ ወተት? አንቺ ቢሮ ውስጥ ብዙ ተቀመጥሽ!"

"ፍየሏ ታማለች ኤዶ። የታመመ እንስሳ ወተት ለልጅ አይሆንም።"

"ዛሬ የሰጠችው ትንሽ ናት። እሷንም ሆዳን ጠጣቻት። የታመመ ልጅ ወተት ካልጠጣ በምን ይበረታል?"

ልጅቷ ከአያቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣ ነበር። የላይኛው ከንፈሯ ላይ ወተት ደርቋል። ቆርቆሮውን በር ላይ ትቼው ወጣሁ። መናገር ነበረብኝ።

ከሥራ መልስ በዝናብ ክምሩን ገለበጥኩት። ከላይ ያለው ያላለቀ አተላ ነው። ከሥር እጄን ስከት ያቃጥላል፤ መሃሉ በትክክል እየበሰለ ነበር ማለት ነው። ከሐብሐቡ ልጣጭ ሥር ዱቄቱ ረጥቦ እንደ ሊጥ ተጣብቋል። ዝናብ ሁሉን አጥቦት ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። አላጠበውም። የታጠበውም ቢሆን የት ሄደ? ግቢዬ ወደ ሐሊሞ ግቢ ያዘነብላል። ፍሳሹ አጥሩን አልፎ ፍየሎቹ የሚተኙበት ድረስ ቀይ መስመር ሠርቷል።

ከአናጺው ሰጋቱራ ለምኜ አመጣሁ። አመድ ጨመርኩ። በታችኛው በኩል አፈር ቆልዬ ውኃውን ገደብኩት። ከጎረቤት የተዋስኩትን አሮጌ ቆርቆሮ ከላይ ደፋሁበት። ሽታው በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀነሰ። መጀመሪያ መደረግ የነበረበት ይኸው ነው፦ ከፍ ያለ ቦታ፣ ክዳን፣ እርጥቡን የሚያህል ደረቅ። ዝንቡም በራሱ ይጠፋ ነበር። ዱቄት አያስፈልግም ነበር።

ታደሰ እራት ላይ "ከዓርብ ጀምሮ ወተቷን አልጠጣሽም" አለ።

"ፍልሰታ ነው፤ ጾም ላይ ነኝ። አንተስ የጠጣህ ይመስል!"

"አውቃለሁ። እኔ አውቃለሁ። ግን አስቢው። ጾሙ ዓርብ ገባ። ዱቄቱን ቅዳሜ በተንሽ። ሌላ ሰው ምን ይላል? እሷ ራሷ መጠጣት ትታ ለልጅቷ ተወችው ይላል።"

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። የጠቀለልኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 6

ተናገርኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ስመጣ ሐሊሞ ደጅ ሰዎች ቆመዋል። በሰፈሩ የሚያርደው ሰውዬ ቁና ገልብጦ ተቀምጦበት ቢላ ይስላል። ፍየሏ ከጠዋት ጀምሮ ጭራሽ ወድቃለች። በራሷ ከሞተች በክት ናት፣ አትበላም፤ ትንፋሽ እያላት ካረዷት ግን ሥጋው ይበላል። ሐሊሞ ለጎረቤት ሁሉ ልካለች። ሴቶቹ ሳህን ይዘው መጥተዋል። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት።

ሐሊሞ አየችኝና ድምጿን ከፍ አደረገች። "አባዮ፣ ለአንቺ አልሰጥሽም፣ እንዳታኮርፊ! አንደኛ የእስላም ሥጋ አትበዪም። ሁለተኛ ጾመሻል። ሦስተኛ ፍየሌን ያሰከርሽው አንቺ ነሽ!"

ሁሉም ሳቁ። ሰውየውም ቢላውን አቁሞ ሳቀ።

በሰፈሩ ያለው ሰው ሁሉ ከዚያ ሥጋ ሊበላ ነው፤ ከእኔ በስተቀር። ታደሰ ማታ ያለኝ በጆሮዬ መጣ። ሰውየው ተነሳ፣ የፍየሏን ራስ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ አዞረ።

"አትረዱ!" አልኩ። የራሴን ድምፅ አላወቅኩትም።

ሰውየው ዞሮ አየኝ። "ምነው?"

"ክምሩ ላይ የዝንብ መድኃኒት በትኜ ነበር። ዲዲቲ። ፍየሏ እሱን በልታለች። ሥጋው አይበላም። ወተቱም አይጠጣም።"

ሴቶቹ ሳህናቸውን ዝቅ አደረጉ። ዝናቡ ካፊያ ነበር፤ ቆርቆሮ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

ሐሊሞ ወደ እኔ ቀረበች። "መርዝ ነው?"

"ለዝንቡ ብዬ ነው ያደረግኩት ኤዶ…"

"ዝንቡን አልጠየቅኩሽም። መርዝ ነው?"

"ነው።"

"መቼ?"

"ቅዳሜ።"

"ዛሬ ረቡዕ ነው" አለች።

ሰውየው ቢላውን በሽርጡ ጠርጎ "ሱብሃነላህ" እያለ ሄደ። ሴቶቹ ሳህናቸውን ይዘው አንድ በአንድ ወጡ። ነፍሰ ጡሯ ስታልፍ አላየችኝም። ሐሊሞ ሆዳንን አንስታ ቤት ገባች፤ በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያው ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ሮጥኩ። ሐኪሙ ዩሱፍ ለክትባት ወደ ሀርሺን ከተማ ሄዷል፣ ነገ ጠዋት ይመለሳል አሉኝ፤ ስለ ዲዲቲው መልእክት ተውኩለት። ስመለስ በሐሊሞ በር ላይ ቆሜ በውጭ ነገርኳት። ልጅቷ ስታለቅስ ሰማሁ። ማልቀሷ ደስ አለኝ፤ የሚያለቅስ ልጅ ትንፋሽ አለው።

ታደሰ ተቆጣ። "ስሜን ጠራሽ?" አልጠራሁም። ማንም ከየት አመጣሽ ብሎ አልጠየቀኝም። እስካሁን።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 7

ዩሱፍ በጠዋት መጣ። ጫማው የሀርሺን ጭቃ ነው፣ ቁርስም አልበላም። ሐሊሞ በሩን ከፈተችለት። እኔ አጥሩ ጋ ቆምኩ፤ ግቢ አልተባልኩም፣ ውጪም አልተባልኩም።

የፍየሏን ሆድ በጣቱ መታ መታ አደረገው፣ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ። የዓይኗን ቆዳ ገለበጠ። "ዘይት አጠጣችኋት?"

"ዛሬ ላጠጣት አስቤ ነበር" አለች ሐሊሞ። "ለተነፋ ሆድ እኛ የሰሊጥ ዘይት ነው የምንሰጠው።"

"ሌላ ጊዜ ልክ ነሽ፣ እኔም ስጪያት እል ነበር። ዲዲቲ ካለ ግን ዘይት መርዙን ወደ ደም ያስገባዋል። መርዝ እንዳለ ማን ነገረሽ?"

ሐሊሞ በአገጯ አመለከተችኝ። "እሷ።"

ዩሱፍ ከሰል አስወቅጦ በውኃ በጥብጦ በጠርሙስ አጠጣት። ጥቁር አረፋ በአፍና በአፍንጫዋ ወጣ። ከሱ ቀጥሎ ሶዳ በውኃ ሰጣት፤ ለቦካው ፍራፍሬ ነው አለ። የትኛው ነው ያመማት ብዬ ጠየቅኩት።

"መነፋቱ ከፍራፍሬው ነው። መንቀጥቀጡ ከብርድም ይሆናል፣ ከዱቄቱም ይሆናል። ውሸት አልነግርሽም፣ አላውቅም። ወተቱን ግን ድፉት። እኔ ይበቃል እስክል ድረስ ድፉት።"

ሆዳንን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። "ወሰድናት" የምለው ሐሊሞ ልጅቷን አዝላ ፊት ስትሄድ እኔ ጃንጥላ ይዤ ከኋላ ስከተል ስለነበር ነው። ጃንጥላውን አልከለከለችኝም። ጤና ረዳቷ ስለ ዱቄቱ ስነግራት ልጅቷን ደጋግማ አየች፤ እጇን እንድትዘረጋ አደረገቻት፣ እግሯን ነካካች። "ተቅማጡ የክረምቱ ነው፣ ዛሬ ብቻ ብዙ ልጆች አይቻለሁ። ከተንቀጠቀጠች፣ ወይም ዓይኗን ከሰቀለች፣ ምንም ሳትቆዩ አምጧት" አለች። ጨውና ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጧት አለችን። መንገድ ሁሉ የልጅቷን እጅ ሳይ መጣሁ። አንዴ ጣቷ ነዘረ መሰለኝ፤ ሐሊሞ ስትራመድ ነው።

ከሰዓት በኋላ ክምሩን ልቀብር ተነሳሁ። ዩሱፍ ያለኝ ነው፦ ለአትክልት አይሆንም፣ ሜዳ ላይ ከተጣለ ሌላ ፍየል ያገኘዋል፣ ዝናብ ይወስደዋል፤ ከፍ ካለው ጥግ በጥልቀት ቅበሪው፣ ድንጋይ ጫኝበት። ዶማ ይዤ ጀመርኩ። ጭቃው ይከብዳል። ጉድጓዱ ወገቤ ሲደርስ በአጥሩ ላይ ጥላ አየሁ። የቀበሌ ጥበቃ ነው፣ ጠመንጃ አንግቷል።

"ወይዘሮ አልማዝ፣ ምን ትቆፍሪያለሽ?"

"የፍራፍሬ ልጣጭ ልቀብር ነው።"

"ልጣጭ ለመቅበር ይህን የሚያህል ጉድጓድ?"

በዚህ ከተማ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚቀብር ሰው መሣሪያ ደበቀ እንደሚባል አውቃለሁ። ከጦርነቱ ወዲህ መሬት ውስጥ ያልተፈለገ ነገር የለም። ቆርቆሮውን ገልጬ ላሳየው ጎንበስ አልኩ። ግን ማክሰኞ ስገለብጠው ዱቄቱ ከላይ ሆኗል። ከገለጥኩት ነጩ ይታያል። ቀና አልኩ።

"እኔ ነኝ ቅበሪ ያልኳት!" አለች ሐሊሞ ከወዲያ ማዶ። ልጅቷን እንዳዘለች ቆማለች። "ሽታው ገደለኝ። ለቀበሌ ልከሳት ስል ነው የቆፈረችው። ና፣ ግባና አሽትት!"

ጥበቃው በአጥሩ ላይ አንገቱን ሰግጎ አሸተተ፣ አፍንጫውን በእጁ ያዘ። "እናንተ ሴቶች!" አለ። "ለማንኛውም ለሊቀመንበሩ እነግራለሁ" ብሎ ሄደ።

ሐሊሞን ላመሰግናት ዞርኩ። ገብታለች።

ክምሩን በአካፋ ወደ ጉድጓዱ ገለበጥኩ። መሃሉ ላይ ጥቁር፣ የሚፈርስ፣ የጫካ አፈር የሚሸት ነገር አገኘሁ፤ ሁለት እፍኝ የሚሆን። ሠርቶልኝ ነበር። እሱንም ቀበርኩት። ድንጋይ ጫንኩበት። እጄን በሳሙና ሁለቴ ታጠብኩ።


ዓርብ፣ ነሐሴ 8

ፍየሏ ጠዋት አመነዠከች።

መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ በአጥሩ በኩል። አገጯ ግራና ቀኝ ይሄዳል። አሁንም ተኝታለች፣ የኋላ እግሯም አልጸናም። ግን ታመነዥካለች። "ኤዶ! ኤዶ!" ብዬ ጮህኩ። ሐሊሞ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች፤ ሆዳን አንድ ነገር የሆነች መስሏት ነው። ፍየሏን አየች፣ እኔን አየች። "ወላሂ ልቤን አወጣሽው!" ብላ ደረቷን ያዘች። ልትስቅ ምንም አልቀራትም።

ሆዳን ዳቦ ጠየቀች። የቆርቆሮውን ወተት ጠጣች። ተቅማጡ ቀንሷል። አልተንቀጠቀጠችም። ይህን ደግሜ ልጻፈው፦ አልተንቀጠቀጠችም። ዩሱፍ መጥቶ አየና "ትድናለች አልልም፣ ግን ትናንት ከነበረችበት ትሻላለች" አለ። ስለ ፍየሏ ነው።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሐሊሞ ጠራችኝ። በሯ ሥር በርጩማ ሰጠችኝ። ሻይ አላቀረበችም፤ ከረቡዕ ወዲህ ግን መቀመጫ ስትሰጠኝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

"ዓሊ እሑድ ይመጣል" አለች። ዓሊ የበኩር ልጇ ነው፤ ሀርሺን ከብት ይነግዳል። ፍየሏም የእሱ ናት፤ ለሆዳን ብሎ የሰጣት። "ሰምቷል። ሴቶቹ ሳህን ይዘው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ወሬ ከመኪና ይፈጥናል።"

"ምን ሰማ?"

"ክርስቲያኗ ፍየሏን መርዛ፣ ራሷ ወተት መጠጣት ትታ፣ ለልጅቷ ተወችላት። እንዲህ ነው የሰማው።"

ታደሰ ማክሰኞ ያለኝ ነው። አንድ ቃል አልተለወጠም።

"ኤዶ፣ ጾም እኮ ነው። አንቺ ታውቂያለሽ። በየዓመቱ በዚህ ጊዜ ራስሽ ወተቱን ታቆሚልኛለሽ።"

"እኔ አውቃለሁ። ዓሊ አያውቅም። እሱ ሜዳ ነው የኖረው፣ ከእናንተ ጋር አልኖረም። እነግረዋለሁ።" ሻሿን አስተካከለች። "ተናግረሻል፤ ያን እነግረዋለሁ። ዘግይተሽ ነው የተናገርሽው፤ ያንንም እነግረዋለሁ።"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"ሽማግሌ ይሰብሰብ ካለ ቀላል ነው" አለች። "ሌላ የምትታለብ ፍየል ታመጫለሽ፣ ለእርቁ የፋቲሃ ዱዓ ይደረጋል፣ ያልቃል። ቀበሌ ልሂድ ካለ ግን ዱቄቱ ከየት መጣ ብለው ይጠይቃሉ። እኔንም ይጠይቁኛል።"

"ምን ትያለሽ?"

"ትናንት ለአንቺ ብዬ አንዴ ዋሽቻለሁ። ልጄ ፊት አልዋሽም።"

የታደሰን ሥራ ታውቃለች። ቤቷን ባለፈው ዓመት የረጨላት እሱ ነው። ስሙን ግን እኔም እሷም አልጠራነውም።

ማታ ለታደሰ ነገርኩት። ከሰኞ ጀምሮ ሲቆጣ የነበረው ሰው ዛሬ አልተቆጣም። ነገ ቡድናቸው ወደ ደገሀቡር መስመር ለአንድ ወር ለርጭት ይወጣል፤ ስሙ አለበት። "ልሂድ ወይስ ልቆይ?" አለኝ። ከሄደ ሸሸ ይባላል። ከቆየ ይገኛል። "አንተ ወስን" ልለው አልቻልኩም፣ "ሂድ" ልለውም አልቻልኩም። ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ከተተ፣ ከዚያ አወጣው፣ አልጋው ላይ ደረደረው። "የቡድኑ መኪና ከመነሳቱ በፊት ጠዋት አለቃዬን አነጋግራለሁ። ከሌላ ሰው ከሚሰማ ከእኔ ይስማ" አለ። ነገ ጠዋት ይህን ይበል አይበል አላውቅም። እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

እሑድን እየጠበቅን ነው። ዓሊ በከብት መኪና ነው የሚመጣው። ጎርፍ መንገዱን ካልቆረጠው ከቀትር በፊት ይደርሳል ብላለች ሐሊሞ፤ መጀመሪያ ልጅቷን ያያል፣ ከዚያ እኔን ያስጠራኛል።